መጥረጊያው የማን ነው?

ሰሞኑን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ያላነበበ ሠልጣኝ ያለ አይመስለንም። ጎብዬ ከተማ ወርደው ከገበያው ጀምሮ እስከ አውራ ጎዳናው ዳር ያለውን ቆሻሻ በፈቃደኝነት የሚያጸዱ ሠልጣኞች ስማቸውን እንዲያስመዘግቡ የምትጠይቅ ናት። ወረቀቷ ከተለጠፈች ወዲህ በምግብ አዳራሹም በመኝታ ቤቱም ክርክሩ ደርቷል። «እኛ መምህር ልንሆን መጣን እንጂ ጠራጊ ልንሆን መጣን?» የሚል አለ። «ማዘጋጃ ቤቱ ግብር የሚሰበስበው ታዲያ ለምንድን ነው?» የሚል አለ። «ኧረ ተዉት፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን እንመለሳለን፣ ምን ቸገረን» የሚልም አልጠፋም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ሦስቱንም ሰምተናል። ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበን ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ከሦስቱ እውነትነት ያለው እሱ ነውና።

አስቀድመን አቋማችንን እንናገር። መሄዱን እንደግፋለን፣ ስማችንንም አስመዝግበናል። ነገር ግን ዘመቻው በየቦታው እንደተለመደው ዓይነት የሚሆን ከሆነ ባይደረግ ይሻላል ባዮች ነን። የተለመደው ዓይነት ምን እንደሚመስል መቼም ሁሉም ያውቀዋል። ጠዋት ሰልፍ ይደረጋል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ንግግሩ ከጽዳቱ ይረዝማል። ከዚያ ሴቶቹ መጥረጊያ ይይዛሉ፣ ወንዶቹ ድምፅ ማጉያውን ይይዛሉ። (ይህን የምንለው ለቀልድ አይደለም፣ በሚቀጥለው ጊዜ አስተውላችሁ ተመልከቱ።) ቆሻሻው ከመንገዱ መኻል ተጠርጎ መንገዱ ዳር ይከመራል። ፎቶግራፍ ይነሣል። ክምሩን የሚያነሣው ባለ ጋሪ ግን ከመጀመሪያውም አልተጠራም። ማታ ነፋሱ ይመጣል፣ ውሻውና ፍየሉ ይመጣል፣ በሦስተኛው ቀን ክምሩ ተመልሶ መንገዱን ይሞላዋል። እንዲህ ያለው ዘመቻ ከንቱ ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ክፋቱ ለሚያየው ሕዝብ ትምህርት መስጠቱ ነው፤ «ቢጠረግም ያው ነው» የሚል ትምህርት። እኛ ደግሞ ሥራችን ትምህርት ነውና ምን እያስተማርን እንደሆነ ልናውቅ ይገባናል።

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። አላ ውሃን ተሻግሮ ወደ ራያ ቆላ የወረደ መንገደኛ ሮቢት ሳይደርስ ያገኛታል። አውራ ጎዳና ለከተማ በረከት ነው፤ ሸቀጥ ያመጣል፣ እንግዳ ያመጣል፣ ሻይ ቤቱንና ምግብ ቤቱን ያኖራል። የሚተወውም ነገር አለው። አውቶቡሱ በመስኮት የሙዝ ልጣጭ ይጥላል፣ ባዶ ሃይላንድ ይጥላል፣ የብስኩት ወረቀት ይጥላል። የገበያ ቀን ሲያልፍ ደግሞ የሽንኩርት ገለባው፣ የጫቱ ገረባ፣ የተቀደደው ማዳበሪያና ፌስታሉ ባለበት ይቀራል። ፌስታሉ ቀላል ነውና አይቀመጥም። ግራሩ ላይ ይሰቀላል፣ ቁልቋሉ እሾህ ላይ ይሰካል፣ የቀረው በቦዩ ይወርዳል።

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ሰሞን ከመንገዱ ዳር ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ዘንድ አረፍ ብለን ነበር። ደጃቸው ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞበት፣ ሲያዩት ልብ ያርፋል። አሥር እርምጃ አለፍ ብሎ ያለው ቦይ ግን አፉ ድረስ ሞልቷል። «እማማ፣ ይህን ሁሉ ማነው የሚጥለው?» ብንላቸው፣ «መንገደኛው ነዋ ልጆቼ! መንገደኛ ምን ይሉኝታ አለው» አሉን። ይህን ብለው የቡናውን አተላና የተቀደደ ፌስታል ባንድ ላይ አፍሰው ወደ ቦዩ ወረወሩት። ከእኛ አንዱ ሳቅ ቢያመልጠው ቀና ብለው አዩትና እንዲህ አሉ፤ «ሳቅ እንግዲህ። የት ልድፋው? ቦታውን አሳየኝና ወስጄ ልድፋ።»

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ በኪሳችን አልነበረም። የጎብዬ ዘመቻ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄም ይኸው የእኒህ እናት ጥያቄ ነው እንላለን።

ብዙ ጊዜ ስለ ቆሻሻ ሲወራ ሕዝቡ «ንቃት ይጎድለዋል» ተብሎ ይዘጋል። ይህን አባባል አንቀበለውም። የወሎ ሰው ንጽሕናን የማያውቅ ሆኖ ነው? መስጊድ ሲገባ ጫማውን የሚያወልቅ፣ እግሩንና እጁን የሚታጠብ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከደጀ ሰላሙ ጀምሮ እግሩ የሚረግጠውን የሚጠነቀቅ፣ ቤቱን በጠዋት ሳይጠርግ እንግዳ የማይቀበል ሕዝብ ነው። የእኒያ እናት ደጅም ምስክር ነው። ንጽሕናው አለ፤ ግን ወሰን አለው። የቤቱ ወሰን የእሱ ነው፣ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ወሰን የፈጣሪ ነው፤ ከሁለቱ መኻል ያለው መንገድና ገበያ ግን የማን እንደሆነ ለይቶ የነገረው የለም። የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ የማንም ሳይሆን ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። መጣል ትናንት ጥፋት አልነበረም። አያቶቻችን ወደ ገበያ ሲወጡ እህሉን በስልቻና በጆንያ፣ ቅቤውን በቅል፣ ስንቁን በአገልግል፣ ዕቃውን በዘንቢል ይዘው ነው። ከዚህ ውስጥ የሚጣል የለም፤ ቢጣልም ይበሰብሳል። የማሽላው አገዳ እንኳ ከብት ይበላዋል፣ ይነድዳል፣ ቤት ይታጠርበታል። የሙዝ ልጣጩን ፍየል ታነሣዋለች። የእንስሳው ፋንድያ ለማሳው ምግብ ነው። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ እጅ ያለውን መወርወር ለምድር መመለስ ማለት ነበር። እንግዲህ ያደረግነው ምንድን ነው? የሚጣለውን ነገር ለወጥነው፣ የእጁን ልማድ ግን እንዳለ ተውነው። ልጆቹን ስናስተምር ከዚህ ብንጀምር ይሻላል። «አያታችሁ ቆሻሻ ነበሩ» ብለን ሳይሆን፣ «አያታችሁ የሚጥሉት ይበሰብስ ነበር፣ እናንተ የምትጥሉት አይበሰብስም» ብለን።

ፌስታሉ አይበሰብስም ስንል ነገሩ በሳይንስ መጽሐፍ ላይ ያለ ወሬ ብቻ እንዳይመስል። ከብት ፌስታልን ከምግብ ለይታ አትተወውም፤ በተለይ ጨው ወይም የምግብ ፍርፋሪ ከነካው ትውጠዋለች። በጨጓራዋ ውስጥ አይፈጭም፣ አይወጣም፣ ከሌላው ጋር እየተቋጠረ ይጠራቀማል። ቦታውን ስለሚይዝባት የጠገበች ይመስላታልና መብላት ትተዋለች። ሆዷ ተነፍቶ፣ ጎኗ ከስቶ ትሞታለች። ባለቤቱ «በሽታ ነው» ይላል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ጠበል ይወስዳል ወይም ዱዓ ያስደርጋል። ስትታረድ ከሆዷ የሚወጣው የፌስታል ቋጠሮ ግን ማን እንደገደላት ይናገራል። ላም ማለት ለአንድ የራያ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም፤ አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን። የአንድ ብስኩት ፌስታል የአንድ ቤተ ሰብ ሀብት ያጠፋል።

የራያ ቆላን ከሌላው አገር የሚለየው ደግሞ ጎርፉ ነው። ዝናቡ በምዕራብ ካለው ደጋ ላይ ይዘንባል፣ ውሃው በሆርማትና በጎሊና፣ ስም በሌላቸው በየሸለቆውም ወደ ሜዳው ይወርዳል። ገበሬው ጎርፉን አይሸሸውም፤ ቦይ ቀዶ፣ በአፈርና በጭራሮ መልሶ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ይህ የጎርፍ መስኖ በቆቦና በራያ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ጥበብ ነው። እንግዲህ አስቡት። በከተማው ቦይ የተወረወረው ፌስታል የት ይሄዳል? ጠፋ ያልነው ሁሉ ጎርፉን ተከትሎ የሰው ማሽላና ጤፍ መኻል ያርፋል። በማረሻው ይገለበጣል፣ አፈሩ ውስጥ ይቀበራል፣ ውሃ እንዳይሰርግ ያግዳል፣ ሥር እንዳይሰድድ ይከለክላል። በከተማ የሚጣለው ቆሻሻ የገጠሩን ሰው ማሳ ያቆሽሻል፤ የገጠሩ ሰው ደግሞ በገበያ ቀን መጥቶ በከተማው ይጥላል። ተያይዘን ነው ያለነው።

ማሽላ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። በግብርና ጥናት ውስጥ «ጎብዬ» የሚባል የማሽላ ዝርያ እንዳለ ስንቶቻችን እናውቃለን? አቀንጭራን እንዲቋቋም ተደርጎ የተገኘ ዝርያ ነው። «አብሽር» ከሚባለው ወንድሙ ጋር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለገበሬው የተለቀቀ ሲሆን፣ መነሻው በፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ የመሩት ምርምር ነው። ፕሮፌሰሩም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። አቀንጭራ የቆላው ማሽላ ጠላት ናት። ከአፈር በላይ ወጥታ ወይን ጠጅ አበባዋን ስታሳይ ገበሬው ይነቅላታል፤ ግን ያን ጊዜ ጉዳቷን ከአፈር በታች ሠርታ ጨርሳለች። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ትበትናለች፣ ዘሩም ከመሬት ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ዘሩን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ነው። ጎብዬ ማሽላ ያሸነፈችው እንዴት ነው? ያን ቀስቃሽ ንጥረ ነገር እጅግ አሳንሳ በማውጣት። አቀንጭራዋ ጥሪውን ስለማትሰማ ተኝታ ትቀራለች።

የጽዳት ዘመቻም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አበባው ከታየ በኋላ መንቀል ነው። ሌላው ጥሪውን ማጥፋት ነው። የፌስታል ጥሪ የሚሰማው መንገድ ላይ ሳይሆን ሱቁ ባንኮኒ ላይ ነው፤ «በፌስታል አድርጊልኝ» ሲባል። ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ ስኳር፣ ሁለት ሳሙና፣ ለየራሳቸው ሦስት ፌስታል። ዘንቢል ይዞ የወጣ ሰው ይህን ጥሪ አይጠራም። እኛ ሠልጣኞች ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ስንመለስ በእጃችን የሚንጠለጠለውን የተመለከተ ሰው ምን ይለን ይሆን?

የተጣለ ጣሳና የተቆረጠ ሃይላንድ ውሃ ሲይዝ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል ሲባል ድሮ «የወባ ትንኝ ረግረግ ነው የምትወድድ» የሚል መልስ ነበር። አሁን ግን በከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በጎማና በዕቃ በተጠራቀመ ውሃ የምትራባ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ዝርያ ወደ አገራችን ገብታለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ታየች፣ በእኛው ወሎ ባቲ ላይም ተገኝታለች፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያቷ እሷ ነበረች። ስለ ዝንብና ስለ ዓይን ማዝ ደግሞ በጤና አጠባበቅ ትምህርት የተማርነውን እዚህ አንደግመውም። አጥር ሥር መጸዳዳት ስላለበት የገበያ ዳር ግን መናገር ያሳፍራል ተብሎ ዝም ማለት አይገባም፤ መጸዳጃ የሌለው ገበያ በመጥረጊያ አይጸዳም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተከራካሪ እንምጣ። «የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነው» ይላል። ልክ ነው፣ ሥራው ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ለከተማ አስተዳደሮች ይህን ኃላፊነት ሰጥቶ ነበር። ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር። በመንገድ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያና በመሰለው ሕዝብ በሚገለገልበት ሥፍራ ቆሻሻ መጣልንም ይከለክል ነበር፤ ግን አንዲት ሐረግ ነበረችው፤ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ እያለ። የእኒያ ቡና አፍይ እናት ጥያቄ በአዋጁም ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ማጠራቀሚያ ከሌለ ጣይውን በምን አፋችን እንከሰዋለን? በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ጠንከር ይላል። ፌስታል ማምረትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥን፣ መጠቀምንም ከልክሎ፣ ሲጠቀም የተገኘውን ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ደንግጓል። ሕጉን እንደግፋለን። ይሁንና ስሱ ፌስታል ከ1999 ጀምሮ በአዋጅ ተከልክሎ ሳለ በየሱቁ ሲታደል ከርሟል። ሕግ በአዋጅ ጋዜጣ ላይ ብቻ ከኖረ እንደ እኛ የግድግዳ ጋዜጣ ነው፤ ያነበበው ያነብበዋል፣ ያለፈው ያልፈዋል።

ማዘጋጃ ቤት ቢያነሣውስ የት ይወስደዋል? ይህም ከባድ ጥያቄ ነው። ዋና ከተማችን አዲስ አበባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሻሻዋን ቆሼ ላይ ስትከምር ኖራ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ ከሥሩ በደሳሳ ጎጆ ይኖሩ በነበሩ ድሆች ላይ ወደቀ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከተማው የጣለው ቆሻሻ የወደቀው ከዚያው ቆሻሻ ለቅመው በሚበሉት ላይ ነው። ትንሽ ከተማ የዚያን ያህል ተራራ የላትም። ስለሌላትም ዕድሉ አሁን በእጇ ነው፤ ጉድጓዱን ከቤትና ከወራጅ ውሃ አርቃ መቆፈር ትችላለች፣ የሚበሰብሰውን ከማይበሰብሰው ለይታ ማጠራቀም ትችላለች። በአገራችን ከተሞች ከሚጣለው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው። ገረባው፣ ልጣጩ፣ ገለባው ብስባሽ ሆኖ ለማሳ ይጠቅማል። ሃይላንዱንና ቆርቆሮውን ቆራሌው ይወስደዋል፤ ለነገሩ ጥሩ ሃይላንድ ምን ጊዜም አይጣልም፣ ታጥቦ ዘይት ይያዝበታል፣ ወተት ይያዝበታል። የሚቀረው ፌስታሉ ነው። እሱን ማቃጠል መፍትሔ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ጢሱ ግን መርዝ ነውና ልጆች በተሰበሰቡበት ትምህርት ቤት ግቢ ፌስታል ማንደድ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

የመጀመሪያው ተከራካሪ «ጠራጊ ልንሆን አልመጣንም» ያለው ነው። በዚህኛው ላይ ረዘም ብለን መቆየት እንፈልጋለን፤ በሽታው እኛው ቤት ውስጥ ነውና።

ለመሆኑ «ጠራጊ» የሚለው ቃል መቼ ነው ስድብ የሆነው? ብዙዎቻችን የተማርነው ትምህርት ቤት ነው። ማርፈድ፦ ግቢ መልቀም። ረበሽክ፦ ክፍል መጥረግ። የቤት ሥራ አልሠራሽም፦ ሽንት ቤት ማጠብ። ሰልፍ ላይ ጎበዙ ልጅ መዝሙር ያስዘምራል፣ ሰነፉ ልጅ ወረቀት ይለቅማል። ስምንት ዓመት፣ አሥር ዓመት እንዲህ እያየ ያደገ ልጅ፣ ጽዳት ማለት ቅጣት ማለት እንደሆነ ከሂሳብና ከአማርኛ ይበልጥ ጠንቅቆ ይማራል። ታዲያ አድጎ የራሱ ገንዘብ ሲኖረው፣ በአውቶቡስ መስኮት ሃይላንድ ሲወረውር ምን እያለ ነው? «እኔ ተቀጪ አይደለሁም» እያለ ነው። ቆሻሻ ማንሣት የበታችነት ምልክት፣ መጣል ደግሞ የነፃ ሰው ምልክት ሆኖበታል። ይህን ያስተማረው መምህር ነው። መምህሩም ከመምህሩ ነው የተማረው። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ መቆረጥ ካለበት ከማሠልጠኛ ተቋም የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?

አንዳንድ መምህራኖቻችን ይህን ስናነሣ «ታዲያ ዱላው ከቀረ በምን እንቅጣ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በአንድ ጽሑፍ የሚያልቅ አይደለም፤ ቅጣት ሁሉ ይቅር ማለታችንም አይደለም። ግን የሚከበረውን ነገር ለቅጣት አናውል እንላለን። ያረፈደን ልጅ «ቅጣትህ መጽሐፍ ማንበብ ነው» ብንለው ንባብን እንደምናስጠላው ሁሉ ጽዳትንም እያስጠላነው ነው። በጃፓን ትምህርት ቤቶች ክፍሉን፣ መተላለፊያውን፣ መጸዳጃውንም ተማሪዎች በየተራቸው ያጸዳሉ። ጎበዙም ሰነፉም፣ የሀብታሙም የድሃውም ልጅ። ተራ ነው፣ ቅጣት አይደለም። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ሁሉ ነገር ነው። በእኛም ታሪክ ሥራን ያልናቀ አልጠፋም። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በዚሁ በወሎ ተራራ ላይ መንገዱን በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ያስጠርጉ ነበር። ንጉሥ ድንጋይ ካነሣ ሠልጣኝ ፌስታል ቢያነሣ ምን ይጎድልበታል?

ስለዚህ ጎብዬ ስንወርድ መምህራኖቻችን አብረውን ይውረዱ። ቆመው የሚያዩ ተቆጣጣሪዎች ሆነው አይደለም። ወንዶቹም መጥረጊያ ይያዙ።

ፈቃደኝነት ማለት ደግሞ ምን ማለት ነው? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፣ ደግ ነው። ግን ደቦና ወንፈል እንዴት እንደሚሠሩ እናስታውስ። በደቦ የተጠራው ሰው ያገዘለትን ሰው ያውቀዋል፣ ጠላውንም ይጠጣል። በወንፈል ዛሬ ያረስኩልህ ነገ ታርስልኛለህ። የጎብዬን መንገድ ብናጸዳ ደጋሹ ማነው? ወንፈሉን የሚመልሰውስ ማነው? ባለቤት የሌለው ደቦ ዘላቂነት የለውም። ባለቤት ሊሆን የሚችል ድርጅት ግን በእያንዳንዱ የወሎ መንደር አለ፤ ቅሬ ነው። ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ያቅፋል፣ ዳኛ አለው፣ ተራ አለው፣ ከቀብር የቀረውን ይቀጣል፣ የተቀጣውም አይከራከርም፤ ነገ የራሱ ሬሳ አለና። ለቀብር ይህን ያህል ሥርዓት ያለው ሕዝብ ለመንገዱ ሥርዓት ሊያወጣ አይችልም የሚል ሰው ወሎን አያውቅም። የቅሬ ዳኞችን ሳያማክር የሚደረግ ዘመቻ የእንግዳ ዘመቻ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ይሄዳል።

የሌላው ዓለም ልምድም ይህንኑ ይነግረናል። ኢስቶኒያ በምትባል ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ገደማ በሆነች ትንሽ አገር እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 50,000 ሰው በአንድ ቀን ወጥቶ 10,000 ቶን ያህል ቆሻሻ ከጫካና ከመንገድ ዳር አነሣ። የዛሬው የዓለም የጽዳት ቀን ከዚያ ነው የተነሣው። ሰዎች የሚያወሩት ስለዚያች ቀን ነው፤ ከቀኗ በፊት ግን ፈቃደኞች ወራት ፈጅተው ቆሻሻው የት የት እንዳለ እየዞሩ በካርታ ላይ መዝግበው፣ መኪናውና መጣያው ተዘጋጅቶ ነበር። ሩዋንዳ ፌስታልን እ.ኤ.አ. በ2008 ከልክላለች፤ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ኡሙጋንዳ ብለው መንገድና ሠፈር ያጸዳሉ። ከሥራው በኋላ ሰፈርተኛው ተቀምጦ ይነጋገራል። የእኛን ዘመቻዎች ከዚህ ጋር ስናስተያይ የጎደለው ጉልበት አይደለም። ጉልበትስ ሞልቷል። የጎደለው ከቀኑ በፊት ያለው ምዝገባና ከቀኑ በኋላ ያለው ንግግር ነው። በነገራችን ላይ በ2016 ዓ.ም. «ጽዱ ጎዳና ኑሮ በጤና» ተብሎ በአገር ደረጃ በተጀመረው ንቅናቄ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት መሥራት ዋና ጉዳይ ሆኖ መነሣቱ ነገሩ ከመጥረጊያ አልፎ መታሰብ መጀመሩን ያሳያል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያም አለን። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ ጦርነት በዚህ መስመር፣ በቆቦ፣ በሮቢትና በጎብዬ ሲመላለስ ነበር። ጦርነት ያለፈበት ምድር ብረቱን ይዞ ይቀራል። በቦይም፣ በቁጥቋጦም፣ በአሮጌ ምሽግም የማናውቀው ብረት ብናይ መንካትም መርገጥም የለብንም፤ ምልክት አድርጎ ርቆ ለሚመለከተው አካል መናገር ነው። ቆርቆሮ ለቅመው ለቆራሌው የሚሸጡ ሕፃናት እንዳሉ እናውቃለን። ለእነሱ ይህን መንገር ከጽዳቱ ሁሉ ይቀድማል፤ ሕፃናትም በዘመቻው ቀን ቦይ ውስጥ እንዲገቡ አይፈቀድ።

እንግዲህ የምንጠይቀውን እንጠይቅ። ዘመቻው በሁለት ሳምንት ይራዘም። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን ስምንት ወይም አሥር ሠልጣኞች አስቀድመው ወደ ጎብዬ ይውረዱና ቆሻሻው የት የት እንደሚጠራቀም፣ ከየት እንደሚመጣ፣ ጎርፉ ወዴት እንደሚወስደው ተመልክተው ይመዝግቡ። ከቅሬ ዳኞች፣ ከባለ ሱቆችና መንገድ ዳር ከሚነግዱት እናቶች ጋር ይነጋገሩ። ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ሁለት ነገር ቁርጡን ይንገረን፤ ጉድጓዱ የት ነው? ጋሪው የማን ነው? ለጋሪው ኪራይ ማዋጣት ካስፈለገ ከኪስ ገንዘባችን ጥቂት ጥቂት እናዋጣለን፤ ይህን የተስማማን ሰዎች አሥራ ሁለት ደርሰናል። አውቶቡስ በሚቆምበት ቦታ የሚቀመጡ አራት በርሜሎችን ለመሥራት የእጅ ሥራ ክፍላችን አሮጌ በርሜል ካገኘ እንደማያቅተው ከአስተማሪው ሰምተናል። በርሜሉን ማን እንደሚያወርደውና ስንት ቀን ላይ እንደሚገለበጥ ግን ሳይወሰን በርሜል ማቆም ቆሻሻን ከመሬት ወደ በርሜል ዙሪያ ማዛወር ብቻ ነው።

ለተግባረ ልምምድ ወደዚያ አካባቢ ትምህርት ቤቶች የተመደብን ሠልጣኞች ደግሞ ለየርእሳነ መምህራኑ አንድ ጥያቄ ይዘን እንሄዳለን፤ በቀሪው ወሰነ ትምህርት የጽዳት ሥራ ከቅጣት መዝገብ ወጥቶ በተራ መዝገብ እንዲገባ፣ የተራው የመጀመሪያ ስም ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ መምህር እንዲሆን። እንቢ ያለ ትምህርት ቤት ካለ ምክንያቱን በዚህ ጋዜጣ ላይ ጽፎ ይላክልን፤ እናወጣዋለን።

ስም የምታስመዘግቡ፣ ዝርዝሩ ከቤተ መጻሕፍቱ በር በስተግራ ነው። ጆንያ ያለው ጆንያ ይምጣ፣ ዘንቢል ያለው ዘንቢል። ፌስታል ይዞ የሚመጣ ግን እንዳይኖር።